«ካምቢዮው ይውረድ» ከማለታችሁ በፊት

መኪናዬን ሳይመረምሩ ስለፈቱብኝ ጋራዦች ሁለት ወር ሙሉ ሆዴ ውስጥ ያመቅኩትን ዛሬ ልናገር። መካኒክ የሆናችሁም፣ መኪና ያላችሁም አንብቡልኝ።

ያለችኝ አንዲት ላንድክሩዘር ፒክአፕ ናት። ከባሌ ጎባ ተነስታ የሳነቴን ሜዳ አቋርጣ፣ በሀረና ጫካ ወርዳ ደሎ መና ትደርሳለች። ስትሄድ የሱቅ ዕቃ፣ ስትመለስ ቡና። የቤቴ ቀለብም፣ የልጆቼ የትምህርት ቤት ክፍያም ከእሷ ነው። እሷ የቆመች ቀን ቤቴም ይቆማል።

ድምፅ ጀመረች። ከሥር፣ ከሁለቱ ወንበሮች መሀል፣ እዝዝዝ የሚል። ነዳጅ ስሰጣት ይጨምራል፣ ስለቅላት ይቀንሳል። ሹፌሮች ታውቁታላችሁ። እንዲህ ያለ ድምፅ አንዴ ከሰማችሁ ሬዲዮ አይከፈትም፣ ወሬ አይጥምም፣ ጆሮ ሁሉ እታች ነው።

የመጀመሪያው ጋራዥ ማስተር አንድ ዙር እንኳ አልነዳትም። በር ላይ ቆሞ ሰማና «ዲፈረንሻል ነው» አለ። ኃይሉን ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለው የኋላው ዲፈረንሻል ተፈታ፣ ኩሽኔታ ተቀየረ፣ ከፈልኩ። ከግቢው ወጥቼ መንገዱን ሳልጨርስ ያው ድምፅ። ተመለስኩ። ዓይኑን በጨው ታጥቦ «እንግዲያው ካምቢዮ ይሆናል» አለኝ፤ የማርሽ ሳጥኑን ማለቱ ነው። የዲፈረንሻሉን ገንዘብ ያነሳ ሰው የለም።

ሁለተኛው ጋራዥ ገና ሳልጨርስ «ካምቢዮው ይውረድ» አለ። ወረደ። ካወረድነው አይቀር ፍሪሲዮኑም ይቀየር ተባለ፤ ተቀየረ። ስምንት ቀን ቆመች። 38 ሺህ ብር ወጣ። ድምፁ ግን ካለበት ንቅንቅ አላለም። «ቀንሷል እኮ ወንድሜ፣ አዳምጠው» ይለኛል።

አንጀቴን የሚያሳርረው ይኼ ነው። የኔ መኪና ካምቢዮ ሲወርድ ትራንስፈሩም፣ ከካምቢዮው ኃይል ተቀብሎ ለኋላና ለፊት ጎማ የሚያደርሰው ሳጥን፣ አብሮት ተያይዞ ነው የሚወርደው። ስምንት ቀን ሙሉ መሬት ላይ፣ እግራቸው ሥር ተቀምጦ ነበር። የከፈተው የለም። ጭራሽ ሲያወርዱት ከካምቢዮው ያፈሰሱት ዘይት መያዝ ካለበት ግማሽ አይሞላም ነበር። ይህን የነገረኝ እዚያው የሚሠራ ልጅ ነው፣ በኋላ። ከውጭ ጠብ የሚል ነገር የላትም። ታዲያ ዘይቱ የት ሄደ ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው ይጥፋ? አዲስ ሞሉ፣ ሰቀሉ፣ ሂድ አሉኝ።

ሄድኩ። ሳነቴን የሚያውቅ ያውቀዋል። ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ከሜዳው ጫፍ ሀረና የሚወርደው መንገድ ደግሞ ጥምዝምዝ ነው፤ ዝናብ ከነካው ፎር ዊል ብቻ ሳይሆን ከባዱ ማርሽ፣ ኤል ፎር፣ የግድ ነው። ሞተሩ እንዲይዝልኝ ኤል ፎር አስገብቼ በሁለተኛ እየወረድኩ ነበር። ከጎኔ ረዳቴ፣ ከኋላ የሱቅ ዕቃ ጢም ብሎ። ሦስተኛው ጥምዝ ላይ ጓ! አለ። ትራንስፈሩን የምታዘው ትንሿ የማርሽ ዘንግ በራሷ ዘልላ ኤን ላይ፣ ዜሮ ላይ ማለት ነው፣ ቆመች።

ትራንስፈር ዜሮ ላይ ሲሆን ምን እንደሚሆን ለማታውቁ ልንገራችሁ። ሞተሩና ጎማው ይለያያሉ። ትልቁ ማርሽ የፈለገው ላይ ቢሆን ዋጋ የለውም። መኪናዋ ባዶ ጋሪ ሆነች። ፍሬን ብቻ ቀረኝ። ረገጥኩ፣ ተንሸራተተች፣ ለቅቄ ደግሜ ረገጥኩ። የፍሬን ሸራ ሽታ ጋቢናውን ሞላው። ረዳቴ በሩን ከፍቶ ዘለለና ታኮውን የኋላ ጎማ ሥር ወረወረ። ታኮው ጭቃ ውስጥ ትንሽ ተጎተተና ያዘ። ልጁ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ቢያንሸራትተውስ? እናቱን ምን ልላት ነበር? እስካሁን ሌሊት ሌሊት ይመጣብኛል።

መልሱን ያገኘሁት ጋራዥ ውስጥ አይደለም። የናፍጣ ሰልፍ ላይ ነው። ከኋላዬ የተሰለፈ የላንድክሩዘር ሹፌር ብሶቴን ሰምቶ «ትንሿን ዘንግ ኤን ላይ አድርገህ ሞክረሃታል?» አለኝ። አልሞከርኩም። ማንም አልሞከረም። እዚያው ሰልፉ ላይ ሞከርን። የእጅ ፍሬን ሳብኩ፣ ታኮ ተደረገ። ትንሿ ዘንግ ኤን ላይ፣ ሞተሩ ተነሳ፣ ትልቁ ማርሽ ሦስተኛ ገባ፣ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብዬ ለቀቅኩ። መኪናዋ ቆማለች፣ ድምፁ ግን እዝዝዝ! በዚህ ጊዜ ጎማ አይዞርም፣ ከትራንስፈሩ ኃይል ወደ ዲፈረንሻል የሚያደርሰው ክሮቸራም አይዞርም፣ ዲፈረንሻልም አይዞርም። የሚዞረው ካምቢዮውና የትራንስፈሩ ጥርሶች ብቻ ናቸው። በቃ፣ ዲፈረንሻል አለመሆኑ በሁለት ደቂቃ ታወቀ። ሳንቲም አልወጣበትም። ቁልፍ እንኳ አልተነሳበትም!

ካምቢዮውንና ትራንስፈሩን ለመለየት የሰልፉ ሰው አንድ ትንሽ ጋራዥ ላከኝ። ወጣት ነው መካኒኩ። ከመፍታቱ በፊት ነዳት፣ በኤች ቱም (በኋላ ጎማ ብቻ) በኤል ፎርም። ከዚያ ሥሯ ገብቶ የትራንስፈሩን የዘይት መሙያ ብሎን ፈታ። ዘይቱ ቡልቅ ብሎ እስከ ክርኑ ወረደ። ደረጃው እኮ እስከ ቀዳዳው አፍ ብቻ ነው መሆን ያለበት። የካምቢዮውን መሙያ ፈትቶ ጣቱን አስገባ፤ ጣቱ ደረቅ ወጣ። ሌላው ጋራዥ አዲስ ዘይት ከሞላ ገና ሦስት ሳምንቱ ነው። በሁለቱ መሀል ዘይት እንዳያልፍ የሚያግደው ኦይል ሲል አርጅቶ ካምቢዮው ዘይቱን ለትራንስፈሩ ሲያስረክብ ከርሟል። ውጭ የማይንጠባጠበው ለዚህ ነው። አንዱ በጥማት፣ ሌላው በጥጋብ ያልቃሉ። ዘይት ሲበዛም አረፋ ይሠራል፣ ይግላል።

ከዚያ የትራንስፈሩን ዘይት ሳፋ ላይ አፈሰሰው። ከድሮ ስፒከር የተነቀለ ማግኔት ነከረበትና አውጥቶ አሳየኝ። እንደ ስስ ጭቃ ያለ ጥቁር ነገር ቢሆን ምንም አልነበረም፤ የትም አለ። የኔ ላይ የጥፍር ቁራጭ የሚያህል ብረት ተለጥፎ ነበር። ሲከፈት የመሀለኛው ጥርስ ኩሽኔታ አልቋል፣ ኤል ፎርን ይዞ የሚያስቀረው ጥርስ ጫፉ ክብ ሆኗል። ትንሿ ዘንግ የዘለለችው ለዚህ ነው።

«ፎር ዊል ብዙ አልጠቀምም» ስለው መካኒኩ ነገሩን አስረዳኝ። በኤች ቱ ስንሄድም ኃይሉ በትራንስፈሩ ጥርስ ነው የሚያልፈው። ስለዚህ ፎር ዊል አለመንካት ትራንስፈሩን አያሳርፈውም። ሌላም ነገር ወጣ። ከኔ በፊት ይይዛት የነበረው ሹፌር ከጎባ ሮቤ ባለው አስፋልት የፊት ጎማዎቹን ከኃይሉ ጋር የሚያገናኘውን ሎክ ሳይፈታ፣ ኤች ፎር (ቀላሉ ፎር ዊል) ላይ እንዳለች ይነዳት ነበር። ደረቅ አስፋልት ላይ ይህ ወንጀል ነው። ኩርባ ላይ የፊት ጎማ ከኋላው የረዘመ መንገድ ይሄዳል። የኔ ዓይነቷ መኪና የፊቱንና የኋላውን ልዩነት የሚያቻችል መሀል ላይ የላትም። ጭቃ ላይ ጎማው ተንሸራትቶ ጫናውን ያስተነፍሰዋል። አስፋልት ላይ ጎማው አይንሸራተትም፤ ጫናው ሁሉ ጥርሱና ኩሽኔታው ላይ ያርፋል። ለሹፌር መኪና የምትሰጡ ሰዎች፣ እባካችሁ ይህን ተናገሩ። እኔ አልተናገርኩም ነበር።

ስለ ዕቃው ብዙ አልልም። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ሁለት ቀን ዞርኩ። አንዱ ሱቅ ሳጥኑ የጃፓን፣ ውስጡ የማይታወቅ ኩሽኔታ ሸጠልኝ። መካኒኩ በጣቱ አሽከርክሮ መለሰልኝ። ሌላ ገዛሁ። ይህም የትራንስፖርትና የአልጋ ወጪ አለው።

አሁን ተጠግናለች። ኦይል ሲሉ፣ ኩሽኔታው፣ ጥርሱ ተቀየረ። ድምፅ የለም። በየሁለት ሳምንቱ ሁለቱንም መሙያ ፈትቼ በጣቴ እለካለሁ።

እኔ መካኒክ ሁሉን ይወቅ አላልኩም። ሰው ይሳሳታል። ግን ነድተህ ስማው! ዘይቱን እየው! ትንሿን ዘንግ ኤን ላይ አድርጋት! ሃያ ደቂቃ ስጠው። እኔ ስምንት ቀን ያለ ሥራ የተቀመጥኩት፣ ያ ልጅ ጭቃ ላይ የዘለለው ሃያ ደቂቃ ስለጠፋ ነው። የፈታኸውን ማስከፈል ታውቅበታለህ፤ ያልነበረውን በሽታ ፈትተህ ስትወጣ ግን ገንዘቡን የሚመልስ የለም። «ሥራ ተሠርቷል» ነው መልሱ። ለማን ተሠራ?

የዲፈረንሻሉም የካምቢዮውም ደረሰኝ እጄ ላይ ነው። ያ የጥፍር ቁራጭ የሚያህለውም ብረት በጨርቅ ጠቅልዬ ኪሴ ውስጥ አለ። ሰኞ ጠዋት ሁለቱም ጋራዥ እሄዳለሁ፤ መጀመሪያ ስምንት ቀን ካቆሟት።