ስክራችን ለማስተማር ኢንተርኔት እስከመቼ እንለምን?

ዛሬም ኔትወርክ የለም። ዛሬም የአምስተኛ ክፍል ልጆች ኮዲንግ ሳይማሩ ከኮምፒውተር ላብ ወጡ። የአይሲቲ መምህር ነኝ፤ እንደዚህ የሚያበሽቀኝ ነገር የለም።

የምንማረው በስክራች ነው። ባለቀለም ብሎኮችን እየገጣጠሙ ስክሪኑ ላይ ያለችውን ድመት የሚያንቀሳቅሱበት፣ የአሜሪካው ዩኒቨርሲቲ ኤምአይቲ እ.ኤ.አ. በ2007 ለሕዝብ የለቀቀው ፕሮግራም። ነጻ ነው። የሉል ምልክቷን ተጭኖ አማርኛ ማድረግም ይቻላል፤ እንግሊዝኛ የሚከብደው ልጅ ሳይሸማቀቅ ይሠራል። ለጀማሪ ልጅ ከዚህ የተሻለ ነገር አላየሁም።

እኛ ጋ ግን በብራውዘር፣ ማለትም ከኢንተርኔት ገጹ ላይ ተከፍቶ ካልሆነ አይሆንም ተብሏል።

ገጹ አንዴ ከተከፈተ ብሎኮቹ ኔትወርክ ቢጠፋም ይሠራሉ። ግን ልጅ ነው፤ ድመቷ ትሰለቸዋለች፣ ሌላ ገጸ ባሕርይ ይፈልጋል። ዝርዝሩን ሲከፍት ስሞቹ አሉ፣ ምስሎቹ የሉም። ይጠብቃል። ግራ ሲገባው ሪፍሬሽ ይጫናል። በቃ! ድመቷ ከነብሎኮቹ ጠፍታ ኔትወርክ ሲጠፋ የምትመጣው የክሮሟ ዳይኖሰር ብቅ ትላለች። "ቲቸር፣ ሥራዬ ጠፋ!" ሲለኝ ምን ልበለው? አንድ ማሽን ላይ ተደራርበው ተራ ሲጠብቁ ቆይተው እኮ ነው።

ለምን ሴቭ አታስደርጋቸውም የምትሉ ትኖራላችሁ። በመምህር አካውንት ኢሜይል ለሌላቸው ልጆች አካውንት መክፈት ይቻላል፤ ለመግባት ግን ያው ኔትወርክ ያስፈልጋል። ፋይሉን ኮምፒውተሩ ላይ እንዳናስቀምጥ፣ የላቡ ማሽኖች በጠፉ ቁጥር ያለውን ሁሉ እንዲሰርዙ ተደርገዋል። መብራት ደግሞ በየጊዜው ይሄዳል። ፍላሽ መሰካትም ክልክል ነው፤ ቫይረስ ያመጣል ተብሎ። ከኪሴ ጥቅል ገዝቼ በሞባይሌ ላገናኛቸው ብሞክርም ያን ሁሉ ማሽን አይችልም።

የሚያንገበግበኝ መፍትሔው እያለ መሆኑ ነው። ስክራች ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ መተግበሪያ አለው፤ እሱም ነጻ ነው። አንዴ አውርዶ መጫን ብቻ። ምስሉም ድምፁም አብሮ ይመጣል። ማሽኖቹ አርጅተዋል ከተባለ የድሮው የስክራች ስሪት፣ 1.4 አለ።

ጫኑልኝ ስል ፕሮግራም ለመጫን የሚያስፈልገው የአድሚን ፓስዎርድ ላቡን ያዋቀረው ድርጅት ጋ ነው ይሉኛል። ድርጅቱ ከትምህርት ቤቱ ደብዳቤ ይምጣ ይላል። ትምህርት ቤቱ ደግሞ "ወላጆች የሚፈልጉት ኦንላይን ነው" ይለኛል። ወላጅ የሚፈልገው ልጁ እንዲማር ነው እንጂ ነጭ ገጽ ላይ አፍጥጦ እንዲውል ነው እንዴ?

ወላጆች፣ እባካችሁ ለስብሰባ ስትመጡ "ልጄ በዚህ ሴሚስተር የሠራውን አሳዩኝ" በሉ። በቃል አትመለሱ፤ ተከፍቶ ሲሠራ እዩት።

ዳይሬክተሮችም ደብዳቤዋን ጻፉልን። ሁለት መስመር ትበቃለች። ፓስዎርዱን ካገኘሁ ቅዳሜ ገብቼ ሁሉም ማሽን ላይ ራሴ እጭነዋለሁ።