ምድር ቤቱ ይቆይ ወይስ ይፍረስ?

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ አንድ ወዳጃችን ቤት ቡና ተጠራን። ቤቱ በፈረንጆቹ 1950ዎቹ የተሠራ ነው፤ እንጨቱን ምስጥ ስለበላው ባለቤቱ አፍርሶ ከፍ ያለ ቤት ሊሠራ ቆርጧል። ያከራከረን ከሥሩ፣ ከመሬት በታች ያለው ምድር ቤት አብሮ ይፍረስ ወይስ አዲሱ ቤት በላዩ ይሠራ የሚለው ነው።

«ጉድጓዱ ተቆፍሯል፣ ግድግዳው ቆሟል። እንደገና ማስቆፈር፣ አፈር ማስጫን፣ ኮንክሪት ማስሞላት ለምን ያስፈልገኛል?» አለ ባለቤቱ።

ሚስቱ ሲኒ እያቀረበች መለሰችለት። «አሜሪካ እንደገባሁ የመጀመሪያውን ክረምት ያሳለፍኩት የሰው ምድር ቤት ተከራይቼ ነው። ልብሴ ሁሉ ሻጋታ ሻጋታ ይሸት ነበር። እናቴን አምጥቼ እንዲህ ያለ ቦታ አላስተኛትም።»

አዲስ አበባ በግንበኝነት ጀምረው እዚህ በሥራ ተቋራጭነት ያረጁ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው «በቡና ላይ ግድግዳ አይመረመርም» ብለው ተነሡና ተከትለናቸው ወረድን። ክር ላይ ቁልፍ አስረው የግድግዳ ቀጥታ መለኪያ ቱምቢ አበጁ። ጣሪያው የዝናብ ውሃ በሚያወርድበት በኩል ያለው ግድግዳ ወገቡ ላይ ወደ ውስጥ ገብቷል፤ በብሎኬቶቹ መገጣጠሚያ ላይ አግድም የሄደ ስንጥቅ ይታያል፣ ከሥሩ ነጭ ጨው ነጥቷል።

«ቁልቁል የወረደ ቀጭን ስንጥቅ ብዙ ጊዜ አያስፈራኝም። አግድም የሄደው ግን እርጥብ አፈር እየገፋው ነው። ብሎኬቱ ደግሞ ውስጡ ባዶ ነው፤ ፌሮ የለውም» አሉ።

ወጣቱ መሐንዲስ አልተስማማም። «ጋሼ፣ ይህ መድኃኒት አለው። ከውስጥ በብረት ምሰሶ ይደገፋል፤ ከውጭ ተቆፍሮ የውሃ ማስወገጃ ቱቦ ይቀበራል።»

«ከፍታውስ? 6 ጫማ ከ8 ኢንች ነው። በአዲስ ቤት ለመኖሪያ ክፍል ቢያንስ 7 ጫማ ይጠየቃል። ወለሉን ዝቅ ልታደርግ ከመሠረቱ በታች ትቆፍራለህ፤ ያን ጊዜ መሠረቱን ራሱን ልትደግፈው ነው።»

ነርስ የሆነች ጎረቤት ስለ ራዶን አነሣች፤ ሽታም ቀለምም የሌለው፣ ከመሬት እየሰረገ ምድር ቤት ውስጥ የሚጠራቀም፣ ከሲጋራ ቀጥሎ ሳንባን ለካንሰር የሚያጋልጥ ጋዝ ነው። ወለል አዲስ ሲፈስ የጋዙ ማስወጫ ቱቦ ከወለሉ ሥር ባለው ጠጠር ውስጥ አብሮ ይገባል።

እኔ ከጋሼ ጋር ነኝ። አሮጌ መሠረት ሁሉ ይፍረስ አልልም። ግድግዳው ቀጥ ያለ የፈሰሰ ኮንክሪት ቢሆን፣ ወለሉም ደረቅ ቢሆን፣ የመሠረቱ ስፋት ተቆፍሮ ተለክቶ አዲሱን ጭነት እንደሚሸከም ቢረጋገጥ፣ ይቆይ ብዬ እከራከር ነበር። እዚህ ግን የጎበጠውን መደገፍ፣ ዙሪያውን ቆፍሮ ቱቦ መቅበር፣ ወለሉን ማውረድ ሲደመር ቁፋሮው አልቀረም፤ የቀረው ያ ደካማ ብሎኬት ብቻ ነው። አዲሱም ቤት በአሮጌው ልክ ታስሮ ይቀራል። ገንዘብ ለመቆጠብ ተብሎ ሁለት ጊዜ መክፈል ያሳዝነኛል፤ ከዚያ በላይ ደግሞ በጎበጠ ግድግዳ ላይ ልጆች ማስተኛት።

ስንለያይ ባለቤቱን የለመንኩት ይህን ነው፦ ቤቱ ሳይፈርስ ፈቃድ ያለው መሐንዲስ ሁለት ማዕዘን ላይ አስቆፍሮ መሠረቱን ይይልህ፤ የሚለውንም በጽሑፍ ተቀበል። የእናትየው ክፍል ግን፣ ውጤቱ ምንም ይሁን ምን፣ ፀሐይ የሚገባበት ላይኛው ቤት ይሁን።