ፎርማት ይደረግ!

ድሬዳዋ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ሙቀቱ ሰዉን ሁሉ ቤት አስገብቶታል። የአወዳዩ ጫት ተዘርግቷል፣ ቬንትሌተሩ ይዞራል፣ ላፕቶፑ ላይ ደግሞ ያቺ ክብ ትዞራለች። ቪዲዮው ቆመ። በርጫው ላይ የተሰየሙት ስድስት ሰዎች ወዲያው ስድስት ባለሙያ ይወጣቸዋል።

«አቦ ቫይረስ ነው!» «ኔትወርኩ ነው ወላሂ!» «ፍላሽ ጫንበት!» (ፍላሽ የሚባለው ፕሮግራም በ2020 መጨረሻ መሞቱን ለመካሪው የነገረው የለም።) በመጨረሻ ጥግ ይዘው ዝም ብለው ሲቅሙ የነበሩት ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠርገው ይፈርዳሉ፦ «ፎርማት ይደረግ!»

ትኩሳት ያለበት ሁሉ ታይፎይድ እንደሚባለው፣ ለቆመ ኮምፒውተር ሁሉ ፎርማት ይታዘዛል። የልጆቹ ፎቶ ከነሱቁ ሒሳብ ድራሹ ይጠፋል፤ ክቧ ግን ነገም ትዞራለች።

በሽተኛውን «የት ጋ አመመህ?» ያለው የለማ! ዩቲዩብ ከሆነ ቪዲዮው ላይ የማውሱን ቀኝ ተጫኑ፤ ከዝርዝሩ ሥር «ስታትስ ፎር ነርድስ» የሚል አለ። እዚያ ውስጥ «ባፈር ሄልዝ» ማለት ጣራ ላይ ያለው ሮቶ ነው። ኢንተርኔቱ ይሞላል፣ ቪዲዮው ይቀዳል፣ መለኪያው ሰከንድ ነው። ወደ 0 ከወረደ ጥፋቱ የመስመሩ ነው። ሮቶው 20 እና 30 ሰከንድ ይዞ ምስሉ ከተንገጫገጨ ግን መስመሩን አትስደቡ። «ድሮፕድ ፍሬምስ» የሚለውን እዩ፤ ቁጥሩ እያሻቀበ ከሄደ አልችል ያለው ኮምፒውተሩ ነው።

ከመስመሩ እንጀምር። «4 ሜጋ ገዝቼ ሲያወርድ ግማሽ ሜጋ ያሳየኛል፣ ተዘረፍኩ!» የሚል አይጠፋም። አልተዘረፈም። የሚሸጠው በቢት ነው፣ ማውረጃው የሚያሳየው በባይት፤ 8 ቢት ደግሞ 1 ባይት ነው። ለ1080 ጥራት 5 ሜጋ ቢት ገደማ ያስፈልጋል። 4ቱን ሜጋ የስድስት ቃሚ ስልክ እየተሻማው ደግሞ የቪዲዮውን ጥራት ወደ 480 ዝቅ ማድረግ ነው የሚያዋጣው። ራውተሩስ? ቡፌው ላይ፣ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ፣ ዳንቴል ለብሶ ተቀምጧል! በዚህ ሙቀት! ዳንቴሉን አንሱለት፣ ከፍ ያለ ቦታ አውጡት። 5 ጊጋኸርዝ የሚባለው ዋይፋይ ፈጣን ነው፣ ግን ወፍራም ግድግዳ ይረታዋል፤ 2.4ቱ ቀርፋፋ ቢሆንም ግድግዳውን ያልፋል። ገመድ ከተገኘ ሁሉንም ክርክር ይዘጋል።

አሁን ወደ ላፕቶፑ። እሱም እንደ ቃሚዎቹ መከዳ ላይ ተንጋሏል። አየር የሚስበው ከሆዱ ሥር ነውና መከዳው አፍንጫውን ይዘጋዋል፤ ውስጡ ያለው ማራገቢያ ደግሞ የድሬን አቧራ ጠግቧል። የኮምፒውተሩ አንጎል፣ ፕሮሰሰሩ፣ ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ምስሉ ይንገጫገጫል። ጠረጴዛ ላይ አውጡት፣ አቧራውን አስጠርጉ። ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጭናችሁ ሲፒዩው (ይኸው ፕሮሰሰሩ) 100 ፐርሰንት ላይ ተቸንክሮ ካገኛችሁ ደግሞ ማን እንደያዘው እዩ፤ ብዙ ጊዜ ማንም ያልከፈተው አፕዴት ነው። ብሮውዘሩ ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ ሃርድዌር አክስለሬሽን መብራቱን አረጋግጡ፤ ካልበራ የግራፊክሱ ሥራ ሁሉ በፕሮሰሰሩ ጫንቃ ላይ ይወድቃል።

ከጂዳ በፍላሽ ዲስክ የመጣው የሠርግ ቪዲዮ ሌላ ጣጣ ነው። እልልታው ቤቱን ይሞላል፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው፤ ሙሽራዋን ያየ የለም። «ፋይሉ ተበላሽቷል» ይባላል። ምኑም አልተበላሸም፤ አዳዲስ ስልኮች የሚቀርጹበትን ኤች 265 የተባለ አሠራር ኮምፒውተሩ ማንበብ አልቻለም። ቪኤልሲ የሚባለውን ማጫወቻ ጫኑ፣ ሙሽራዋ ትወጣለች። እልልታው ከአፉ ቀድሞ ከተሰማ እዚያው ቪኤልሲ ላይ የኪቦርዱን K፣ ከዘገየ J መታ መታ አድርጉ፤ አንዷ ምት 50 ሚሊሰከንድ ታንቀሳቅሳለች።

አንዳንዱ ቀን ደግሞ ዩቲዩብ ጭራሽ አልከፍትም ይላል። ያኔ ኮምፒውተሩ ላይ የተሞላውን ቀን እዩ። ዴስክቶፕ ከሆነና ከሶኬት በተነቀለ ቁጥር ቀኑ የሚጠፋው ከሆነ፣ ማዘርቦርዱ (የውስጡ ዋና ሰሌዳ) ላይ ያለችው ሳንቲም የምታክል ባለ 3 ቮልት ባትሪ ሞታለች ማለት ነው፤ ሲአር 2032 ብላችሁ ጠይቁ። ባትሪው ደህና ከሆነ ግን አንድ ሰው ዓመተ ምሕረቱን በኛ አቆጣጠር አስተካክሎታል። ብሮውዘሩ የዌብሳይቱን ማረጋገጫ ሲያይ ከዓመታት በኋላ የሚሰጥ ወረቀት ይመስለዋል፤ በሩን ዘግቶ «ሰዓትህ ወደ ኋላ ቀርቷል» ብሎ ይጽፋል።

ጋሼ ይህ ተተርጉሞ ሲነገራቸው ከመከዳው ቀና ይላሉ፦

«ወደ ኋላ የቀረነው እኛ? ይሄ ኮምፒውተር ነው እኛን እንዲህ የሚለው? ፎርማት ይደረግ!»