ክብር ለሊደራችን

ሰሞኑን ቢቸና ያለ አንድ ዘመዴ ደወለልኝ። ይህ ሰው ለመርዶ ካልሆነ አይደውልም። ማን ሞተ ብዬ ልቤ ቀጥ አለ። ማንም አልሞተም። «አንዲት ሊንክ ልኬልሃለሁ፤ ንካትና ተመዝገብልኝ» ነው ያለኝ። ጤንነቴን የጠየቀኝ ከዚያ በኋላ ነው።

ለእናንተም ተደውሏል። አልተደወለልኝም የሚል ካለ ወይ ስልክ የለውም፤ ወይ ዘር ማንዘር የለውም።

ሁላችንም ተማርረናል። እኔ ግን ምሬት ምን ያደርጋል አልኩ። እስቲ አንድ ጊዜ እንኳ እናመስግናቸው። ጎጃምን ከሥራ አጥነት ያወጣት ማን ነው? ፋብሪካ እንዳትሉኝ። ሊደር ነው።

ሊደርን ታውቁታላችሁ፤ ሰው እያስመዘገበ ኮሚሽን የሚበላው ነው። ደብረ ማርቆስ ሂዱ፣ ፍኖተ ሰላም ሂዱ፣ ቡሬ ሂዱ፣ አንድ አታጡም። ፀሐይ ቢሆን ዝናብ ከሙሉ ልብሱ አይወጣም። ጠረጴዛ ላይ ሁለት ስልክ ይደረድራል። «አንድ ቢዝነስ ላሳይህ» ይላል፤ ቢዝነሱ ምን እንደሆነ ግን አይናገርም። የሚነገረው ስልጠናው ላይ ነው። ስልጠናው ደግሞ መግቢያ ይከፈልበታል። የማኪያቶውን ሒሳብ የሚዘጋውም ሰልጣኙ ነው። ይህ የመጀመሪያው ትምህርት ነው፤ ብዙ ሰው ግን አይገባውም።

እስከ ትናንት ኋላ ቀር ነበርን እኮ። ሥራ ሲባል በሬ መጥመድ ነበር የሚመስለን። መሬቱ ሲጠበን ደግሞ እግራችንን አነሳን። ጎረምሳው ሰሊጥ ሊያርምና ሊያጭድ መተማና ሑመራ ወረደ፤ ሳሉግ ተባለ፤ ወባ ይዞ ተመለሰ። ታናሹ አዲስ አበባ ገብቶ ሎተሪ አዞረ። እህት ዓረብ አገር ሄደች። ያ ሁሉ ላብ! ያ ሁሉ መንገድ! ሊደር ባይደርስልን ኖሮ እኮ እስካሁን እየሠራን ነበር።

አሁን ሥራ ማለት ሰው ማስገባት ነው። አንተ ሦስት ሰው ታስገባለህ። ሦስቱ ሦስት ሦስት ያስገባሉ። አንተ ቁጭ ትላለህ፤ ብሩ ወደ ላይ ይፈስሳል። «ለመሆኑ ምን ታመርታላችሁ?» የሚል ሰው አይጠፋም። እሱ ኔጋቲቭ ይባላል። ከግሩፑ ይባረራል።

በቀደም አንዱ ሊደር ሰንበቴ ላይ ሲያስረዳ ሰማሁት። ጠበል ጠዲቁ ተቀምሷል፤ ጠላው ሁለተኛ ዙር ላይ ነው። «ይህ ነገር እናንተ የምታውቁት ወንፈል ነው» አለ፤ «ልዩነቱ ኦንላይን መሆኑ ብቻ ነው።»

አንድ አዛውንት ቀና አሉ። «ወንፈልማ ዛሬ የኔን ታርሳለህ፤ ነገ ያንተን አርሳለሁ።»

«ልክ ነው አባቴ። እዚህም ዛሬ እርስዎ ይከፍላሉ።»

«ነገስ?»

«ነገ እርስዎ ያስገቡት ሰው ይከፍላል።»

«ታዲያ የሚታረሰው የቱ ነው?»

ሊደራችን ፈገግ አለ። ተዘጋጅቶበታል። «የሚታረሰውማ ማይንድሴት ነው!» ጭብጨባ ሆነ። የሰንበቴው ሙሴ ሳይቀሩ አጨበጨቡ።

እኔ ዳር ይዤ ማስላት ጀመርኩ። አዛውንቱ ገቡ እንበል። ሚስታቸውን፣ የክርስትና ልጃቸውንና የዕድሩን ጥሩምባ ነፊ አስገቡ። ሦስት። ከዚያ ዘጠኝ። ከዚያ 27። ከዚያ 81። እስከዚህ ድረስ ዘመድና አበልጅ ነው፤ ሠርግ ላይ ይገናኛል። 8ኛው ዙር 6,561 ሰው ይፈልጋል። ቀበሌው አለቀ። ወዳጅና ጠላት አልተለየም፤ በድንበር የተካሰሱ ሁለት ገበሬዎች አንዱ ያንዱ ዳውንላይን፣ ማለትም በሥሩ የተመዘገበ፣ ሆነዋል። የሚያስታርቋቸው ሽማግሌዎችም ገብተዋል፤ እርቁ በኮሚሽን ሆኗል። 13ኛው ዙር ከ1.5 ሚሊዮን ያልፋል። በ1999ኙ ቆጠራ የምሥራቅ ጎጃም ዞን ሕዝብ በሙሉ 2.1 ሚሊዮን ገደማ ነበር። 14ኛው ዙር ብቻውን ከ4.7 ሚሊዮን በላይ ስለሚፈልግ ዓባይን ተሻግረን ሸዋ መግባታችን ነው። ጎሐ ጽዮን ላይ ሻይ እንጠጣለን፤ የሻይ ቤቷን ባለቤት አስገብተን መንገዳችንን እንቀጥላለን። 17ኛው ዙር ላይ 129 ሚሊዮን ደረስን። ኢትዮጵያ አለቀች። ወንድ በ40 ቀኑ ሴት በ80 ቀኗ ክርስትና ሲነሡ እዚያው ይመዘገባሉ፤ የክርስትና ስማቸው ዩዘርኔም ይሆናል። 21ኛው ዙር ከ10 ቢሊዮን በላይ ሰው አምጡ ይላል። ዓለም ላይ ያለው ግን 8 ቢሊዮን ገደማ ነው። ቻይናም ገብታ፣ ሕንድም ገብታ ሰው ጎደለ! እንግዲህ የጣና ጉማሬ ይመዝገብ። እያንዳንዱ ጉማሬ ሦስት ጉማሬ ይዞ ይምጣ። የጮቄ ጅብራስ ያን ያህል ዓመት ቆሞ ሲውል ምን ይሠራል? አንድ ፎርም ይሙላ እንጂ። ሁሉም ተመዝግቦ ሲያልቅ የሰንበቴው አዛውንት ይደውላሉ፤ «ኮሚሽኔ እስካሁን አልገባም፤ ኔትወርክ ነው?»

ጥበቡ የኛ ፈጠራ እንዳይመስላችሁ፤ ከውጭ የገባ ነው። ቻርልስ ፖንዚ የሚባል ጣሊያናዊ ስደተኛ በፈረንጆቹ 1920 ቦስተን ላይ በ45 ቀን 50 በመቶ ትርፍ እከፍላለሁ ብሎ ሕዝቡን አሰለፈ። ከአገር አገር የሚመነዘር የፖስታ ኩፖን እነግዳለሁ ይል ነበር። ለፊተኛው የሚከፍለው ግን ከኋለኛው የተቀበለውን ነው። በዚያው ዓመት ታሰረ። ምስኪን! ቴሌግራም ቢኖርለት ግሩፑን አጥፍቶ፣ ስሙን ቀይሮ፣ በማግሥቱ ሌላ ይከፍት ነበር።

ሰው ማስገባት ያቃተውም ሥራ ፈት አልሆነም፤ ሃምስተር የሚባል የቴሌግራም ጨዋታ መጣለት። ወጣቱ ስልክ ላይ ያለችውን አይጥ ቀን ከሌሊት በጣቱ ሲጠቀጥቅ ከረመ። ይከፈላል የተባለው ዲጂታል ሳንቲሟ ገበያ የወጣችው መስከረም 16 ቀን 2017 ነው፤ የደመራ ዕለት። ለብዙው ጣት የደረሰው ከድካሙ ጋር የማይገናኝ ነገር ነበር። የዚያን ዓመት ደመራ በየት በኩል እንደወደቀ ያየ ወጣት ካለ ይንገረኝ። ሁሉም አቀርቅሮ የሳንቲሟን አወዳደቅ ነበር የሚያየው።

ኦንላይን ሥራ የሚባል የለም አልወጣኝም። ሥራ በሽቦ ባሕር መሻገሩ እውነት ነው። ናይሮቢ ውስጥ ለአሜሪካ ድርጅት ሰው ሠራሽ አስተውሎት ማሠልጠኛ እንዲሆን የሚዘገንን ጽሑፍ እያነበቡ ሲለዩ የሚውሉ ልጆች ነበሩ። በሰዓት የሚደርሳቸው ከ2 ዶላር አይሞላም ነበር። ያነበቡት ነገር እንቅልፍ ነሳቸው። ያ ሥራ ነው፤ ርካሽ ነው፣ ጨካኝ ነው፣ ግን ሥራ ነው። ከሚሠራው ሰው መመዝገቢያ የሚቀበለው የኛው ነው።

የኛው ቪዲዮ ላይክ ማድረግ ነው። የለንደን ኩባንያ ነው አሉ። ለንደን ያለ ኩባንያ ደጀን ያለ ሰው ላይክ ምን እንደሚያደርግለት አትጠይቁ። ትንሽ የከፈለ ቪአይፒ አንድ ነው፤ ብዙ የከፈለ ብዙ ላይክ እንዲያደርግ ይፈቀድለታል። መጀመሪያ ላይ ትንሽ ብር እውነትም ይመጣል። ስክሪንሻት አለ፤ ስክሪንሻቱ ለአማች ሁሉ ይላካል። ወይፈኑ እስኪሸጥ ድረስ ነው። ከተሸጠ በኋላ አፑ «ገንዘብዎን ለማውጣት አስቀድመው ግብር ይክፈሉ» ይላል። ግብሩ ይከፈላል። ከዚያ አፑ አይከፈትም። ሎተሪ አዟሪው ልጅ እንኳ ዕጣው የሚወጣበት ቀን የታተመበት ቲኬት ነበር የሚሸጠው።

የቅኔ አገር ሰዎች ነን። ዲማም ዋሸራም ጎንጅም የተማርነው ሰሙን ገልጦ ወርቁን ማግኘት ነው። ሊደርም ፈልጎ ፈልጎ ወርቁን አገኘው። ከዓረብ አገር የመጣችው እህታችን ጆሮ ላይ ነበር።

እዚህ ላይ ቀልድ አልችልም። ወደዚህ አፕ የሚገባው ብር የማን ነው? ሪያድ ያለች የአንዲት ልጅ ነው። ፓስፖርቷን አሠሪዋ ይዞባታል። ጎህ ሳይቀድ ተነሥታ እኩለ ሌሊት ድረስ የሰው ቤት ትፈትጋለች። ደመወዟ 1000 ሪያል ገደማ ነው፤ እሱም ከከፈሏት። ከዚያ ላይ ቆጥባ ለወንድሟ ባጃጅ መግዣ ላከች። ወንድም ቪአይፒ ሦስት ገዛበት። ሲጠፋ ደግሞ «ቢዝነስ ነው፤ ሪስክ አለው» ይላታል። ምን ሪስክ? ሪስኩን የወሰደችው እሷ ናት፤ በበረሃ፣ በሰው ቤት፣ በጨለማ። አስገቢው ደግሞ ባዳ አይደለም። እናታቸው ቤት ቡና ጠጥቶ፣ ልጅቷን «እንዴት ናት?» ብሎ ጠይቆ፣ ስንት እንደላከች አጣርቶ ነው ሊንኩን የላከው። ሲያዝ «እኔም ተበልቻለሁ» ይላል። አልተበላህም። ኮሚሽንህን በልተሃል። የሷን ሌሊት ነው የበላኸው። አፈር ብላ!

ይቅርታ፤ ኔጋቲቭ ሆንኩ።

ሕግ የለም ደግሞ አትበሉ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የፒራሚድ ሽያጭን ይከለክላል። ሊደራችን ግን ሕግ አክባሪ ነው። ፒራሚድ የሚል ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። ሰሌዳው ላይ ከላይ አንድ ሰው ይሥላል፤ ከሥሩ ሦስት፤ ከነሱ ሥር ዘጠኝ። ታች ሲደርስ ሰሌዳው ስለሚጠበው ግድግዳው ላይ ይቀጥላል። «ይህ ምንድን ነው?» ሲሉት «የገና ዛፍ» ይላል።

የለንደኑ አፕ ከተዘጋ ወዲህ ሊደር ጠፋ፣ ዱባይ ሄደ ሲባል ሰንብቷል። ሐሜት ነው። ሊደር እዚሁ ነው፤ ሕዝቡን ጥሎ አይሄድም። እንዲያውም አዲስ ግሩፕ ከፍቷል። «የተበላ ብር አስመላሽ» ይባላል። ፋይል ማስከፈቻው 500 ብር ነው። ሦስት የተበላ ሰው ይዞ ለመጣ በነፃ ነው።