እንዳሁላ በበርሊን መስኮት

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በየካቲት፣ በምኖርበት ሕንፃ ሥር ያለውን የቆሻሻ ገንዳ ስከፍት፣ አራት ተክሎች ከነማሰሯቸው ተጥለው አገኘሁ። አበባቸው ረግፏል እንጂ ቅጠላቸው ገና ወፍራምና አረንጓዴ ነበር። አንዱን አንስቼ ቅጠሉን በጣቴ ስዳስሰው ልቤ ደነገጠ። የአያቴ ግቢ እንዳሁላ መሰለኝ።

በርግጥ ያው የእኛው አይደለም፣ ዘመዱ ነው። እዚህ በየሱፐርማርኬቱ በጥቂት ዩሮ የሚሸጠው ካላንኮ የትውልድ አገሩ ማዳጋስካር ነው። እ.ኤ.አ. በ1932 ለገበያ ያስተዋወቀው ደግሞ ሮበርት ብሎስፌልድ የተባለ የፖትስዳም ዘር ነጋዴ ሲሆን፣ ፖትስዳም ከበርሊን በባቡር ቅርብ ናት። ጀርመኖች ገና አበባው ሳለ ይገዙታል፣ ጠረጴዛ ላይ ያኖሩታል፣ ሲረግፍ ይጥሉታል። ተክሉ ግን ከአበባው በኋላም ዓመታት ይኖራል። ይህ ሁሌም ያናድደኛል።

እኛ ዘንድ እንዳሁላን የሚገዛም ውሃ የሚያጠጣም አላየሁም። ደብረ ማርቆስ፣ አያቴ ግቢ፣ ከድንጋዩ ካብ ስንጥቅ ውስጥ በራሱ ይበቅል ነበር። ቁልቋል እሾህም የሚያቃጥል ወተትም ስላለው ልጅ አይጠጋውም። እንዳሁላ ግን ለስላሳ ነው፣ ሲቀነጥሱት ቀጭ ይላል። የአንዳችን እግር ሲያብጥ አያቴ (ነፍሳቸውን ይማርና) አንድ ቅጠል ቀንጥሰው፣ በፍም ላይ ለብ አድርገው፣ እብጠቱ ላይ በጨርቅ ያስሩልን ነበር። ያ እርጥብ ሙቀት አሁንም ቁርጭምጭሚቴ ላይ ያለ ይመስለኛል። ለመጠጥ ግን በጭራሽ አይሆንም፤ መርዝ አለው። ድመት ወይም ውሻ ያላችሁ ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡት።

ከገንዳው ካነሳሁት በፊት የገዛሁትን አንድ ካላንኮ የገደልኩት በፍቅር ነው። በየቀኑ ውሃ እያጠጣሁ፣ ሥሩ በስብሶ ግንዱ እንደ ሙዝ ልጣጭ ጠቆረ። እንደ ካላንኮ ያለ ቅጠሉ ውሃ የሚያጠራቅም ተክል ቀን ቀን የቅጠሉን ጥቃቅን ቀዳዳዎች ዘግቶ አየር የሚስበው ሌሊት ነው፣ ውሃ እንዳያባክን። ስለዚህ አፈሩ እስከ ታች ሲደርቅ ብቻ ማጠጣት፣ ከማሰሮው ሥር ቀዳዳ መኖሩን ማየት፣ አፈሩ ላይም ሻካራ አሸዋ መቀላቀል ነው። አገር ቤት ያላችሁ ሬድ አሹን (ቀዩን የእሳተ ገሞራ ጠጠር) ጨምሩበት።

ሁለተኛው፣ ከገንዳው ያነሳሁት፣ ዳነ፣ ግን ሁለት ክረምት ሙሉ አላበበም። ምክንያቱን የነገሩኝ ከእኔ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩ የሰማንያ ዓመት ጀርመናዊት ናቸው። ካላንኮ የሚያብበው ሌሊቱ ሲረዝምለት ነው። የበርሊን ክረምት ሌሊትማ ረጅም ነበር፤ የጎደለው ጨለማ ነው። እኔ ከማታ ሥራ ገብቼ መብራት አበራለሁ፣ እራት እሠራለሁ፣ ተክሉ ቀን የሆነ ይመስለዋል። ሴትዮዋ አንድ የካርቶን ሳጥን ሰጡኝ። በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት፣ 14 ሰዓት ሙሉ፣ ለስድስት ሳምንት ያህል እንድሸፍነው አዘዙኝ። ሥራ በምገባባቸው ቀናት እሳቸው ራሳቸው ደረጃ ወርደው፣ በሰጠኋቸው ቁልፍ ከፍተው ይሸፍኑልኝ ነበር። ሁሉም ጀርመናዊ ይጥላል እንዳልል ያደረጉኝ እሳቸው ናቸው።

በዚህ መካከል እናቴ ስልክ ደውላ ካቡ ሊፈርስ መሆኑን ነገረችኝ፤ በብሎኬት አጥር ሊተኩት ነው። «እንዳሁላውስ?» ስላት ዝም አለች። «አረም አይደለም እንዴ ልጄ?» አለች። ገበያ ወጥቶ የፕላስቲክ አበባ የሚገዛ ቤተሰብ፣ ግቢው ውስጥ ያለውን መድኃኒት አረም ሲለው መስማት አንገበገበኝ። ወንድሜ ካቡ ከመፍረሱ በፊት አንድ ቅርንጫፍ እንዲገነጥል፣ ጫፉ እስኪደርቅ ሁለት ሦስት ቀን ጥላ ሥር እንዲያስቀምጠው፣ ከዚያ በአፈር እንዲተክለው ለመንኩት።

ሳጥኔን ካነሳሁ ከሳምንታት በኋላ ቀይ እምቡጦች ከቅጠሉ መካከል ብቅ አሉ። በዚያው ሳምንት ወንድሜ ፎቶ ላከልኝ። ከወገቡ የተቆረጠ ቢጫ የዘይት ጀሪካን፣ ውስጡ የእንዳሁላ ቅርንጫፍ፣ ጫፉ ላይ ሁለት አዲስ ቅጠል።