ዶ/ር አምባቸውን በሰኔ 15 ብቻ አንለካቸው

የቀድሞው የአማራ ክልል ርዕሰ መስተዳድር የዶ/ር አምባቸው መኮንን ስም በተነሳ ቁጥር ወሬው በተገደሉበት ቀን፣ ሰኔ 15 ቀን 2011 ላይ ወድቆ ይቀራል። ማን አዘዘ፣ ማን ያውቅ ነበር፣ ማን ዝም አለ። የሰውዬው ሥራ ይዘለላል። ለእኛ ለኮምቦልቻ ሰዎች ግን ዋናው ጉዳይ የተዘለለው ነው ባይ ነኝ።

ጋይንት ተወልደው የክልሉ ገዥ ፓርቲ በነበረው በብአዴን ውስጥ ያደጉ ሰው ናቸው። ደቡብ ኮሪያ ተምረዋል፤ ዶክትሬታቸውን በኢኮኖሚክስ ከእንግሊዙ ኬንት ዩኒቨርሲቲ አግኝተዋል። የከተማ ልማት ሚኒስትር፣ በ2010 የኢንዱስትሪ ሚኒስትር፣ ቀጥሎም የጠቅላይ ሚኒስትሩ የመሠረተ ልማትና የከተማ ልማት አማካሪ ሆኑ። እስቲ ይህን ከኮምቦልቻ አንጻር እንየው። ጨርቃ ጨርቁ፣ ቢራ ፋብሪካው፣ ብረታ ብረቱ እዚሁ ነው። ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ተመርቋል፤ ከአዋሽ ወደ ሐራ ገበያ የሚዘልቀው ሐዲድም በደጃችን ያልፋል። የፋብሪካንና የከተማን ነገር ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ባሕር ዳር ላይ ወንበር መያዙ ለእንዲህ ያለ ከተማ ቀላል አልነበረም።

ከውጭ የመጡ አዳኝ ነበሩ ማለቴ አይደለም። የ2010ን ለውጥ የመሩት ሰዎች የዚያው የሚወቀሰው ቤት፣ የኢሕአዴግ፣ ልጆች ነበሩ፤ እሳቸውም ከእነዚያው አንዱ። ይህን መናገር ሟችን ማሳነስ አይመስለኝም።

የካቲት 29 ቀን 2011 ወንበሩን ከአቶ ገዱ አንዳርጋቸው ተረከቡ። ወር ገደማ ሲሆናቸው፣ ከአዲስ አበባ ወደ ኮምቦልቻና ደሴ በሚያመጣው መንገድ ላይ በአጣዬና በከሚሴ አካባቢ ደም ፈሰሰ። የኢኮኖሚ ባለሙያው ሥራ የጸጥታ ስብሰባ ሆነ። ሦስት ወር ተኩል እንኳ በቅጡ ሳይሞላ ከአማካሪያቸው ከአቶ እዘዝ ዋሴና ከክልሉ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ከአቶ ምግባሩ ከበደ ጋር ተገደሉ። መንግሥት ድርጊቱን የክልሉ የጸጥታ ኃላፊ የነበሩት ብርጋዴር ጄኔራል አሳምነው ጽጌ የመሩት የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ብሎታል።

ከዚያስ? ተመስገን ጥሩነህ፣ አገኘሁ ተሻገር፣ ይልቃል ከፋለ፣ በነሐሴ 2015 ደግሞ አረጋ ከበደ። አምባቸውን ጨምሮ በአራት ዓመት ተኩል ውስጥ አምስት ርዕሰ መስተዳድር! በመሃል ጦርነቱ መጣ፤ ደሴና ኮምቦልቻ ከጥቅምት 20 ቀን 2014 ገደማ እስከ ኅዳር 27 በሕወሓት ኃይሎች እጅ ቆዩ፣ ፋብሪካው ተዘረፈ፣ ሐዲዱም አገልግሎት ሳይጀምር ተጎዳ። ያንን ጥፋት የወንበር መለዋወጡ አመጣው አልልም። ግን ከዚያ በኋላ ለመነሳት አንድ ዕቅድ ይዞ የሚሰነብት አስተዳደር ያስፈልግ ነበር። አለቃ በተቀየረ ቁጥር ከታች ያለውም ይቀየራል፤ መሬት ወይም መብራት ሲጠብቅ የከረመ ባለጉዳይ ፋይሉን ለአዲስ ሰው እንደ አዲስ ያስረዳል።

ስለዚህ የክልሉን ምክር ቤት የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ርዕሰ መስተዳድር ሲነሳ፣ ለምን እንደተነሳና የጀመረው ሥራ በማን እጅ እንደሚቀጥል በግልጽ ስብሰባ ይነገረን። የፓርቲ ውሳኔን በጭብጨባ ማጽደቅ ለዚህ አይበቃም።