ጭሱ የጎረቤት፣ ሳሉ የእኛ

እ.ኤ.አ. በ1971 ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ኦሃዮ ወንዝ ዳር፣ ሚቸል ለተባለው የድንጋይ ከሰል ኃይል ማመንጫ ከ360 ሜትር የሚበልጥ የጭስ ማውጫ ተሠራለት። ለምን ያን ያህል ረዘመ ቢሉ፣ ጭሱ ከፍ ብሎ ከወጣ በማመንጫው ዙሪያ ያለው አየር ሲለካ ደህና ይሆናል፤ የቀረውን ነፋስ ወደ ምሥራቅ ይወስደዋል። በምሥራቅ በኩል ደግሞ ሜሪላንድ አለች፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለነው እኛ አለን። በሰመር ስልኬ ላይ የ«ኮድ ኦሬንጅ» ማስጠንቀቂያ (አየሩ ለልጆችና ለአስም ሕመምተኞች ጥሩ አይደለም የሚል) ሲመጣ ልጄን ከኳስ ሜዳ አስቀርቼ የአስም ኢንሄለሩ ቦርሳው ውስጥ መኖሩን አያለሁ። የራሳችን መኪናዎች ጭስም አለበት፣ አልክድም።

ስለዚህ «ፌዴራል መንግሥት በስቴታችን አይግባብን» ሲባል ስሰማ፣ በየትኛው ስቴት እላለሁ።

ይህ ክርክር የጦፈው በ2015 ነው። የኦባማ አስተዳደር ማመንጫዎች የሚለቁት ካርቦን በ2030 ከ2005ቱ መጠን በ32 በመቶ እንዲቀንስ ደንብ አወጣ። ዌስት ቨርጂኒያን ጨምሮ 27 ስቴቶች ከሰሱ። ያኔ የሴኔቱ አብላጫ መሪ የነበሩት ሪፐብሊካኑ ሚች መካነልም ገና ደንቡ ሳይጸድቅ ለስቴቶቹ ገዢዎች ደብዳቤ ጽፈው ዕቅድ እንዳያቀርቡ መክረው ነበር። የአየር ንጽሕና ሕጉ ግን ስቴቱ የራሱን ዕቅድ ካላቀረበ ዋሽንግተን እንድታወጣለት ይፈቅዳል። በራሴ ልወስን የሚል ሰው መወሰኛውን ለሌላ ሲተው እኔ አይገባኝም። ለማንኛውም ከሳሾቹ ስቴቶች አሸነፉ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2016 ደንቡን አገደ፣ በ2022 ደግሞ 6 ለ3 በሆነ ድምፅ የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ከሥልጣኑ አልፏል አለ። የሚገርመው፣ ደንቡ አንድም ቀን ሥራ ላይ ሳይውል የ32 በመቶው ግብ በ2019 ተመታ። ከሰልን ከገበያ የገፋው በዋናነት ርካሽ ጋዝ ነበር።

ካርቦኑንስ ገበያው ረዳን እንበል። ሳል የሚያመጣው ግን ሌላ ነው፤ ከጭሱ ጋር የሚወጣው ናይትሮጅን ኦክሳይድ ከሌሎች ጋዞች ጋር ፀሐይ ሲመታው ኦዞን ይፈጥራል። በ2016 ሜሪላንድ ለአካባቢ ጥበቃው አቤት አለች፦ በአምስት ስቴቶች ያሉ 36 የከሰል ማመንጫ ክፍሎች የዚህን ጋዝ መቆጣጠሪያ መሣሪያ ገዝተው፣ ገጥመው፣ በሰመር በአግባቡ አያሠሩትም። አዲስ ግዙ አላለችም፤ ያላችሁን አሠሩ ነው ያለችው። አቤቱታዋ በ2018 ውድቅ ተደረገ። ለስቴት መብት ሲጮኹ የከረሙት ያን ጊዜ ለሜሪላንድ ሲጮኹ አልሰማሁም።

በጁን 2024 ደግሞ ኦሃዮ፣ ኢንዲያናና ዌስት ቨርጂኒያ ከስቴት ስቴት የሚሻገረውን ይህንኑ ብክለት የሚገድበውን የፌዴራል ደንብ በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 5 ለ4 አሳገዱ። የደንቡ መጠሪያ «ጥሩ ጎረቤት» ነበር።